በዶሮና በበሮ መካከል

ወይዘሮ ፀሐይ ልጃቸውን ሊወስዱ ከሰዓታቸው ቀድመው የመጡት ያን ቅዳሜ ብቻ ነው። ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ውስጥ፣ ከመኖሪያ ሕንፃዎቹ በአንዱ ምድር ቤት ለስምንት ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ወላጆቻቸው ከአዲስ አበባ የተሰደዱ ናቸው፤ ልጆቹ አዲስ አበባን የሚያውቋት በፎቶግራፍ ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ ቆሙ።

«ቲቸር፣ መስፍን አረፈ» አሉኝ። «እዚያው ጄኔቭ። ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን ነው አሉ። መታመሙን እንኳ የሰማ የለም።»

ልጃቸው ሳባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከፊት ወንበር ቀና ብላ «ቬር?» አለች በጀርመንኛ፣ ማን ማለቷ ነው። «ባለውሻው?»

እናቷ ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ልጅቷ ምን አጠፋች? ዙሪክ ውስጥ ጋሽ መስፍንን በስሙ ከሚጠራው ይልቅ «ባለውሻው» የሚለው ይበዛ ነበር። እሱ ግን በዕድሜው ውሻ ኖሮት አያውቅም። ውሻውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሰጠሁት ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ማስረዳት አለብኝ።

ጋሽ መስፍንን ያወቅሁት ጄኔቭ ውስጥ፣ ፓኪ በሚባለው ሰፈር ነው። ከአገር እንደወጣሁ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ርካሽ ሆቴሎች በበዙበት መንገድ ላይ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ተከራየሁ። እሱ አራተኛው ላይ ነበር። በዕድሜ በሃያ ዓመት ይበልጠኛል። አዲስ አበባ ሳለ በወታደር ባንድ ውስጥ ትሩምፔት ነፊ ነበር። ደርግ አሰረው። እስር ቤት ውስጥ አንዱ በጠመንጃ ሰደፍ አፉን መታውና ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወለቁ። ትሩምፔት የሚነፋ ሰው ከንፈሩን የሚያስደግፈው በፊት ጥርሶቹ ላይ ነው፤ እነሱ ሲሄዱ ሙያውም አብሮ ሄደ። ነገር ሲያሰላስል በምላሱ ክፍተቱን ይነካካ ነበር። «ለምን አታስተክልም?» ስለው፣ «ጥርሱስ ይተከላል፤ ትሩምፔቱ ግን ያውቅብኛል» አለኝ።

በተዋወቅን ቀን ደረጃው ላይ «እንደምን ዋሉ?» ብዬ ሰላም አልኩት።

«አንቱ አትበለኝ» አለ። «ባንድ ውስጥ አንቱ የሚባል ሰው የለም። ‹እባክዎ ምቱን ይያዙልኝ› እስክትል ድረስ ዘፈኑ ያልቃል። ሥራህ ምንድን ነው?»

ያን ጊዜ የአንድ ምግብ ቤት ሰሃን አጣቢ ነበርኩ። አገር ቤት አንድ ዓመት ብቻ ነው ያስተማርኩት። «አስተማሪ ነበርኩ» አልኩት።

«ነበርኩ ብሎ ነገር የለም። ቲቸር ነህ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲቸር አለኝ። ያን ጊዜ በዚያ ከተማ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር። ይህን የምጽፈው በኋላ ለሆነው ነገር አስፈላጊ ስለሆነ ነው።

ይሠራ የነበረው በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ከጎኑ አንሶላ የሚተኩስ ራሞን የሚባል ቺሊያዊ ነበር። ጊታር ይጫወታል፤ እሱም ከአገሩ ወታደሮች የሸሸ ሰው ነው። የሁለቱ ፈረንሳይኛ ቢደመር የአንድ ሰው አይሆንም፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ ያወራሉ።

«ከምን ሸሸህ?» ይለዋል ራሞን።

«ከወታደር።»

«አንተ ራስህ ወታደር አልነበርክም እንዴ?»

«ታዲያ ሰው የሚሸሸው የሚያውቀውን ነዋ!»

ባንዱ የተወለደው እዚያ ነው። ትልቁ የማጠቢያ ማሽን ውኃውን ሊጨምቅ ሲሽከረከር ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ምት ያወጣ ነበር። ጋሽ መስፍን ባዶውን የሳሙና በርሜል ገልብጦ በምቱ ላይ ይደበድባል፤ ራሞን በተኮሰው አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ይመታል። የራሞን የአክስት ልጅ ቤዝ ይዞ መጣ፤ አንድ ስፔናዊ አስተናጋጅ ፒያኖ፣ አንድ ኮሎምቢያዊ አኮርዲዮን ጨመሩ። የሳሙናው በርሜል ኮንጋ በሚባለው እውነተኛ ከበሮ ተተካ። ስማቸውን «ሎስ ሲንኮ ዴ ፓኪ» አሉት፤ የፓኪ አምስቱ ማለት ነው። ሰርግ ላይ፣ ልደት ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በየሰፈሩ አዳራሽ ኩምቢያ የሚባለውን የላቲን የጭፈራ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ዘፋኙ ራሞን ነው። ጋሽ መስፍን ኮንጋውን ከመምታቱ በፊት ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ጫማውን በሱሪው ጀርባ ይወለውላል፤ ከዚያ ቀና ይላል። ሳይወለውል የጀመረበትን ቀን አላስታውስም።

ራሞን ለእናቱ አንድ ዘፈን ጻፈ። እናቱ በአገሩ የወደብ ከተማ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። አዝማቹ «ሜ ፉዊ፣ ፔሮ ቡዌልቦ» ይላል፤ «ሄድኩ፣ ግን እመለሳለሁ» ማለት ነው። ረጋ ያለ ዜማ ነው። ቺሊያውያን ስደተኞች በሚሰበሰቡበት አንድ እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊዘፍነው ተዘጋጀ። በዋዜማው ቅዳሜ ግን ብርድ መታውና ድምፁ ጨርሶ ተዘጋ። ዜማውን ከእሱ ሌላ የሚያውቀው ከጎኑ ሆኖ ሲያንጎራጉር የሚሰማው ጋሽ መስፍን ብቻ ነው። ግጥሙን ግን አያውቀውም። ራሞን ቀድሞ የቀዳውን ካሴት ሰጠው፤ ጋሽ መስፍን ደግሞ ወደ ሥራ ሲገባ ካሴቱን ለእኔ ጥሎልኝ ሄደ።

«ቲቸር፣ በኛ ፊደል ጻፍልኝ» አለኝ። «በላቲን የተጻፈ ሲሰጡኝ እንደ እንግሊዝኛ አነበዋለሁ፤ ‹ሜ› የሚለውን ‹ሚ› እላለሁ።»

ደስ አለኝ። «አንተ ብቻ ተው!» አልኩት። «የኛ ፊደል እኮ የሰማውን ሁሉ ይጽፋል። የሚያመልጠው ድምፅ የለም።»

ካሴቱን እያስቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ በካሬ ደብተር ወረቀት ላይ በቁም ጽሕፈት ጻፍኩለት። እስፓኝኛ አላውቅም፤ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት። ከጨረስኩ በኋላ ሁለት ጊዜ አመሳከርኩት። አንድም ድምፅ አልጎደለም።

አሁን ስህተቱን ላስረዳ። የኛ ፊደል አናባቢውን ከተነባቢው ጋር አጣምሮ ይይዛል፤ አንድ ድምፅ መጥበቁን ወይም መላላቱን ግን አያሳይም። «ዶሮ» በሚለው ቃል ውስጥ «ሮ» ይላላል። «አሞራው በሮ ሄደ» ስንል በ«በሮ» ውስጥ ያለው «ሮ» ይጠብቃል። አጻጻፋቸው አንድ ነው፤ የሚለየው ቋንቋውን የሚያውቀው አንባቢ ነው። የማያውቀውን ቃል ሲያገኝ ግን ይገምታል። በእስፓኝኛ «ፔሮ» ሲላላ «ግን» ማለት ነው። ሲጠብቅ «ውሻ» ማለት ነው። ጋሽ መስፍን እንደ ዶሮ ማንበብ ሲገባው እንደ በሮ አነበበው።

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጋሽ መስፍን ኮንጋውን ለኮሎምቢያዊው ሰጥቶ፣ ጫማውን ወልውሎ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመ። የመጀመሪያውን ቤት ሲዘፍን አሮጊቶች መሐረብ አወጡ። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ከልቡ አጠበቀው፦ «ሜ ፉዊ፣ ፔሮ ቡዌልቦ!» ሄድኩ፣ ውሻዬ፣ እመለሳለሁ!

ከኋላ አንድ ሰው እንደ ውሻ «ጓው!» አለ። ሳቅ ተነሣ። ጋሽ መስፍን ደስታ መሰለውና በሁለተኛው ዙር ይበልጥ አጠበቀው። በሦስተኛው ያ ሁሉ ሰው፣ መሐረብ የያዙት አሮጊቶች ጭምር፣ እየጮኸ ይጨፍር ነበር።

«ወደዱት እኮ!» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ ላቡ ይንጠባጠባል። እኔም እንኳን ደስ ያለህ ልለው እዚያ ቆሜያለሁ። ራሞን ፊቱ ነጭ ሆኖ መጣ። ድምፁ ስለተዘጋ የሚጮኸው በሹክሹክታ ነበር። «ፔሮ» እና «ፔሮ»ን እያጠበቀና እያላላ አሳየን። ገና ሳይጨርስ ገባኝ።

ራሞን ከማይክሮፎኑ ሥር ያነሣውን ወረቀት አራገበው። «ይህን የጻፈው ማነው?» አለ። ፊደሉን ማንበብ አይችልም፤ ማን እንደጻፈውም አያውቅም።

ጋሽ መስፍን ወደ እኔ አላየም። ምላሱን ወደ ጥርሱ ክፍተት ወሰደ።

«የኔ ነው» አለ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ጎኑ ቆሜ ነበር። ምንም አላልኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሐይቁ ዳር ቆምን። «ነገ ሄጄ ለራሞን እነግረዋለሁ» አልኩት።

«ምን ብለህ?»

«የኔ ስህተት ነው ብዬ ነዋ።»

«ተወው፣ ቲቸር። አስተማሪ ተሳሳተ ከተባለ ልጆቹ ነገ ምን ብለው ይማራሉ? እኔ ዘፋኝ ነኝ። ዘፋኝ ሲሳሳት ሰው ይጨፍራል፤ አላየህም?» ከዚያ ሳቀ። «አየህ፣ በዶሮና በበሮ መካከል ውሻ ገባ።»

የምን ልጆች? ያን ጊዜ አንድም ተማሪ አልነበረኝም። እሱ ግን እንዳሉኝ አድርጎ ተናገረ፤ እኔም እንዳሉኝ ሆኜ ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ሌላ አዳራሽ ጠራቸው። «ያን የውሻውን ዘፈን» አሉ። ራሞን እምቢ አለ፤ የአክስቱ ልጅ ለመነው፤ ተሸነፈ። ዜማውን አፈጠኑት፤ ኩምቢያ ሆነ። አዝማቹን እንዲያ አድርጎ የሚያጠብቀው ጋሽ መስፍን ስለሆነ ዘፋኙ እሱ ሆነ። በጥቂት ወራት ውስጥ እሑድ እሑድ ከጄኔቭ አልፈው ሎዛን፣ በርን፣ ዙሪክ ድረስ መጡ። ሰው ሁሉ አዝማቹ ላይ ይጮኻል። ጄኔቭ ላይ የእስፓኝኛ ተናጋሪዎቹ «ጓው ጓው» ይላሉ፤ ዙሪክ ላይ «ቫው ቫው» ነው፤ የኛ ሰዎች «ሃው ሃው» እንላለን። ውሻው አንድ ሆኖ አፉ በየአገሩ ይለያያል።

አንድ እሑድ አንዲት ሴት ከመድረኩ ሥር ሆና «የውሻህ ስም ማነው?» ብላ ጮኸች። ጋሽ መስፍን ጥቂት አሰበና በማይክሮፎኑ «ያልፋል!» አለ። ለኛ ይህ አዲስ አይደለም። ባገራችን ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይናገረውን ለውሻው ስም አድርጎ ያወጣል፤ ከዚያ ማታ ማታ በአጥሩ ላይ ይጠራዋል። የአዳራሹ ሰው ይህን አያውቅም። «ያልፋል! ያልፋል!» እያለ ይጨፍር ጀመር። ቺሊያውያንና ስዊሶች፣ ትርጉሙን ሳያውቁት፣ በየሳምንቱ ያልፋል ይሉልን ነበር።

አነስተኛ ሸክላ አወጡ። ሽፋኑ ላይ ጋሽ መስፍን ከአንድ ጥጃ ከሚያህል የተራራ ውሻ ጎን ተቀምጧል። በሐበሻው መካከል ጣጣው የመጣው ያን ጊዜ ነው። እኔም ወደ ዙሪክ ተዛውሬ፣ አልትሽቴተን ውስጥ በአንድ መጋዘን ሥራ ይዤ፣ የቅዳሜውን ትምህርት ጀምሬ ነበር። የፋሲካ ለት ዙሪክ፣ ጋሽ መስፍንም መጥቶ፣ ተሰብስበን ሳለ ወይዘሮ ፀሐይ ሸክላውን ከፍ አድርገው ያዙት። ያን ጊዜ የኩባ ወታደሮች ከደርግ ጎን ተሰልፈው ስለነበር፣ እስፓኝኛ ለእኛ የወዳጅ ቋንቋ አይመስለንም ነበር።

«መስፍን፣ ጌቶችህ ኦጋዴን ይዋጋሉ፣ አንተ እዚህ ትጨፍርላቸዋለህ?» አሉት።

«ወይዘሮ ፀሐይ፣ እኛ ውስጥ ኩባ የለም። አንድ ኮሎምቢያዊ አለ፤ እሱም ከአኮርዲዮን በቀር የያዘው ነገር የለም።»

«ውሻውስ?»

«ውሻው ሐበሻ ነው።»

ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «ያን የመሰለ የወታደር ባንድ ሰው፣ ዩኒፎርም ለብሶ ሰልፍ የመራ ሰው፣ የሰው አገር ገብቶ ውሻ ያስጮኻል!» ጋሽ መስፍን ሰሃኑን አስቀምጦ እጁን ታጠበና ወጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። በዚያ ሳምንት ለተማሪዎቼ ስለ መጥበቅና መላላት አስተምሬ ነበር፤ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ፣ በሚላላው ላይ «ላላ» ብለው እንዲጽፉ። ተነሥቼ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር።

ከዚህ የባሰው የራሞን ነገር ነው። ሰው ሲያስተዋውቅ እየሳቀ «ይህ መስፍን ነው፤ ለእናቴ የጻፍኩትን ለውሻ የሰጠብኝ» ይል ነበር። በየዓመቱ፣ በየአዳራሹ። ጋሽ መስፍንም ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ይነሣል።

ባንዱ እንዲህ ሆኖ ስምንት ዓመት ቆየ። ከዚያ ራሞን አገሩ እንዲገባ ተፈቀደለት። የመሰናበቻው ጭፈራ አልትሽቴተን ውስጥ ሆነ፤ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት። ከመጀመሩ በፊት ራሞን ጋሽ መስፍንን ጥግ ወሰደው፤ እኔም ነበርኩ።

«እናቴ ዘፈኑን ሰምታው አታውቅም» አለው። «ሸክላውን ልልክላት አፈርኩ። ዛሬ አንድ ጊዜ፣ በትክክል፣ በካሴት ልቅዳው።»

«አንተው አትዘፍነውም?»

«አለቅሳለሁ። ደግሞ ብቻዬን እንዳልነበርኩ እንድትሰማ እፈልጋለሁ። ባንዱን፣ አዳራሹን። ግን አንድ ሰው ከጮኸ አለቀ።»

ያ ሁሉ ሰው ደግሞ ለመጮኽ የመጣ ነው። ጋሽ መስፍን ምላሱን ወደ ክፍተቱ ወሰደ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ይዞ በአማርኛ «ቲቸር፣ ና እስቲ! ክፍልህ ይኸው» አለኝ።

ወጣሁ። በጀርመንኛ አስረዳሁ። ሲላላ ግን፣ ሲጠብቅ ውሻ። አዳራሹን ለሁለት ከፍዬ አስባልኳቸው፤ እየሳቁ ተማሩ። «ዛሬ ውሻው ቤት ይቀራል» አለ ጋሽ መስፍን። ስህተቱ ከየት እንደመጣ የመናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። ራሞን አንድ እርምጃ ርቆ ቆሟል። «ከብዙ ዓመት በፊት» አልኩ፣ «አንድ ስህተት ተፈጽሞ ነበር።»

ተፈጽሞ ነበር። የሰዋስው አስተማሪ ነኝ፤ ምን እንዳደረግሁ አውቃለሁ። በዚያ ግሥ ውስጥ ድርጊቱ አለ፣ አድራጊው የለም።

ራሞን የጋሽ መስፍንን ትከሻ መታ አደረገ። «አየህ፣ አስተማሪው እንኳ ስህተትህን ያውቃል» አለው በፈረንሳይኛ። ጋሽ መስፍን ሳቀ። ጫማውን በሱሪው ጀርባ ወለወለና ጀመረ።

በመጀመሪያው ዜማ፣ በዝግታ ዘፈነው። «ሜ ፉዊ» አለ፤ ትንፋሽ ወሰደ፤ «ፔሮ» ሲል እንደ ላባ አላላው። ማንም አልጮኸም። ዘፈኑ አልቆ ካሴቱ ገና ሲዞር፣ ከሐበሻው ጋር ሊሰናበቱ መጥተው ከኋላ የቆሙት ወይዘሮ ፀሐይ በዝግታ «ያልፋል» አሉ። አዳራሹም በዝግታ ተቀብሎ ደገመው። ካሴቱ ላይ አለ። ራሞን ይዞት ሄደ።

በዚያው ባንዱ አበቃ። ጋሽ መስፍን ጄኔቭ ወደ ልብስ ማጠቢያው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ነው የኖረው። ሄድኩ ግን እመለሳለሁ ብሎ ያን ያህል ዘመን የዘፈነው ሰው ያለበት ቀረ።

የቀብሩ ዕለት ከወይዘሮ ፀሐይ ጋር በባቡር ሄድን። ከቀብር መልስ ዕቃውን ለመሰብሰብ አራተኛ ፎቅ ወጣን። ብዙ ዕቃ አልነበረውም። ባርኔጣው ኮንጋው ላይ ተቀምጧል። ወይዘሮ ፀሐይ አቧራውን ሊያራግፉ ሲያነሡት ከውስጥ ገበሩ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ።

የካሬ ደብተር ወረቀት ነው። የኔ ቁም ጽሕፈት ነው። በየ«ፔሮ»ው ራስ ላይ፣ አንድም ሳይዘል፣ በቀይ እርሳስ «ላላ» ብሎበታል። ያረመው መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ እርሳሱ ግን በጣም ደብዝዟል። እያወቀ ነው ለስምንት ዓመት ያጠበቀው። ከግርጌው፣ በዚያው ቀይ እርሳስ፣ በራሱ እጅ፦ «ጽሑፍ፣ መስፍን።»

አንድ ቀን ፊደል የሚያነብ ሰው ቢያገኘው እንኳ እኔ እንዳልጠየቅ።

ወይዘሮ ፀሐይ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። «እጁ እንዴት ያምር ነበር!» አሉ። «የሱ ጽሕፈት ነው አይደል?»

«የኔ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ።

«እኔ ያንን ሁሉ ስናገረው፣ የፋሲካ ለት፣ አንተ እዚያው ነበርክ» አሉ።

«እዚያው ነበርኩ።»

ወረቀቱን በእጥፋቱ አጥፈው እጄ ላይ አኖሩት። «ለራሞን ትጽፍለታለህ። ለልጆቹም ትነግራቸዋለህ። ባለውሻው ሲሉት የኖሩት እነሱም ናቸው።»

ለራሞን ጻፍኩ፤ አድራጊው ባለበት ግሥ። በቀጣዩ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ «ፔሮ» ብዬ ጻፍኩና ስምንቱን ልጆች ወደ ፊት አስጠጋሁ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ስለ ዶሮ፣ ስለ በሮ፣ ስለ ጋሽ መስፍን፣ ጓዳው ውስጥ ዝም ብዬ ስለ መቆሜ ነገርኳቸው። ሳባ አገጯን በእጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ቲቸር፣ አልዞ… እንግዲህ፣ የተሳሳትከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ሰሌዳውን አየች። ጠመኔውን ከእጄ ወስዳ በ«ፔሮ» ራስ ላይ «ላላ» ብላ ጻፈችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«እሺ» አለችኝ። «አሁን ቀጥል።»